የተኛች መስሎኝ

እኔ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሴት ነኝ። ብዕር ስይዝ ጣቴ ይደነዝዛል። ይህን ነገር ለሌላ ሰው ተናግሬ ላስጽፈው ብል ግን አፌ አንዳንዱን ይደብቅልኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ራሴው ጻፍኩት። ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ፤ ነገሩን ግን አትለፉት።

ስሜ ብርቄ ነው። ከደሴ ተነስቼ ጅቡቲ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በሰው ቤት ልሠራ መጥቼ፣ እዚሁ አግብቼ፣ እዚሁ ወልጄ፣ ባሌንም እዚሁ ቀብሬ ቀረሁ። የምንኖረው አርሂባ ነው፣ ከወደቡ አጠገብ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንድ ክፍል ቤት። የምንኖረው ስል እኔና ልጄ ቤዛ ማለቴ ነው። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ፈረንሳይኛው ለእሷ ውሃ ነው፤ ሶማልኛም አፋርኛም ትናገራለች፤ አማርኛዋ ብቻ ከእኔ የወረሰችው የወሎ ነው። ያን ዓመት ባክ ልትፈተን ነበር። ባክ እዚህ አገር የመጨረሻው የትምህርት ቤት ፈተና ነው፤ እሱን ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። "ከወደቅሽ መጥረጊያዬን ነው የማወርስሽ" እያልኩ አስፈራራት ነበር። ቀልድ መስሎኝ።

ሥራዬ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ነበር፣ ኤምባሲዎቹና የፈረንጆቹ ቤት ያለበት። አንዲት ማዳም ዘንድ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ጠዋት ገብቼ ሲመሽ እወጣለሁ። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም። ብዙ አታወራም፣ ብዙም አትቆጣም።

እንቅልፌ የጠፋው ሙቀቱ ሲገባ ነው። የጅቡቲን ግንቦትና ሰኔ ያላየ ሰው ሙቀት አውቃለሁ አይበል። ግድግዳው ቀን የጠጣውን እሳት ሌሊት ይተፋዋል። ቬንቲላተሩ የሚያዞረው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። በዚያ ላይ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት የምታውቀው ሌላ እሳት አለ፤ ከደረት ይነሳና አንገት ለአንገት ወጥቶ ፊት ላይ ይፈነዳል፣ አንሶላውን ያርሰዋል፣ ወዲያው ደግሞ ያበርዳል። ሙቀቱ ድሮም ነበር፣ እኔም ድሮ እተኛ ነበር። የዚያን ዓመት ግን ጋደም ስል ዓይኔ እንደ ፋኖስ ይበራል። ስለ ባኩ አስባለሁ። ስለ ቤት ኪራዩ አስባለሁ። ጎህ ሊቀድ ሲል ያሸልበኛል፣ ወዲያው ሰዓቱ ይደርሳል።

ሰው ሁሉ የየራሱ ምክንያት ነበረው። የጎን ጎረቤቴ ሐሊማ የአፋር ሴት ናት፣ በተሰባበረ አማርኛዋ የምንግባባ፣ እንደ እህት የምንተያይ። "ደምሽ ወፍሯል፣ ዋግምት ያስፈልግሻል" አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው አንድ እናት ደግሞ ጠጋ ብለው "ዓይን ነው። ልጅሽ ባክ መቀመጧን ለማን ለማን ነው ያወራሽው?" አሉኝ። የማዳም ዘበኛ ግን ሳቀብኝ።

"ብር ስለሌለሽ ነው። ብር ያለው ሰው ይተኛል።"

"ማዳም ብር አላት አይደል?"

"አላት።"

"እሷም እኮ በኪኒን ነው የምትተኛው" አልኩት።

ይህን ከአፌ ያወጣሁ ቀን ነው ነገሩ ሐሳቤ ውስጥ የገባው። መታጠቢያ ቤቷን የማጸዳው እኔ ነኝ። መሳቢያዋ ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ካርቶን አውቀዋለሁ። ማታ ማታ አንድ ትውጣለች፤ ጠዋት በሯን አንኳኩቼ ነው የማነቃት። አንድ ቀን ካርቶኑን ከፈትኩና ኪኒኖቹ የታሸጉባትን አንዷን ፕላኬት አወጣሁ። አሥር ኪኒን ያላት ቀጭን ነገር ናት። ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኳት። በሃያ ዓመት ሥራዬ ከሰው ቤት ስኳር እንኳ አውጥቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን አወጣሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሌላ ሰው ነው።

ቤት ስገባ ከበርበሬው ቆርቆሮ ሥር ደበቅኋት። በጣም የባሰብኝ ሌሊት ብቻ አንድ እወስዳለሁ፤ አራት ሰዓት ያህል ያስተኛኛል። ሌላውን ሌሊት እንደ ቀድሞው እየዞርኩ አነጋዋለሁ። ክፍሉ አንድ ነው፣ ፍራሻችን ሁለት። ቀስ ብዬ እነሳለሁ፣ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ፣ ያደረ ድስት ካለ ውሃው እንዳይጮህ በቀጭኑ ከፍቼ አጥባለሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ኮሪደሩ ላይ እቆምና እመለሳለሁ። ስመለስ የቤዛ ፍራሽ አጠገብ ጎንበስ እልና አያታለሁ። ዓይኗ ተከድኗል፣ ትንፋሿ ይሄዳል። "እሰይ፣ እሷስ ተኛች" እላለሁ። በየሌሊቱ እላለሁ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ የምታሳርፈኝ ነገር እሷ ነበረች፤ እኔ ባልተኛም ልጄ ትተኛለች።

ፈተናው ነገ ሊጀመር ማታ ራት በልተን ስናበቃ፣ ቤዛ ደብተሯን ዘግታ ተቀምጣ ቀረች።

"እማ።"

"ወይ ልጄ።"

"ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።"

"አንቺ ደግሞ። ራስሽ ትራስ ከነካ የምትጠፊ ልጅ።"

አየኋት፤ የታችኛው ከንፈሯ ደርቋል፣ ጣቷ ጠረጴዛውን ይመታል። የምትተኛዋ ልጄ እንኳ ዛሬ ላትተኛ ነው ብዬ ፈራሁ። ወተት ልገዛ ወረድኩ፤ ከታች ካለው ሱቅ ስመለስ ተጣጥባ ፍራሿ ላይ ሆና አገኘኋት። ወተቱን ጣድኩ። ጀርባዬን ሰጥቻት፣ እጄን ከበርበሬው ቆርቆሮ ሥር ሰድጄ፣ በዳሰሳ አንድ ኪኒን አወጣሁ። በማንኪያ ጀርባ ፈጭቼ ወተቱ ውስጥ ጨመርኩት።

ጠጣችና ፊቷን አጨማደደች። "መረረኝ።"

"ስኳር አንሶት ነው" አልኩና ሁለት ማንኪያ ጨመርኩ። አማስዬ አቀበልኳት። እስከ ታች ጠጣችው።

እኔ የዚያን ሌሊት አልወሰድኩም። ጎህ ሲቀድ የምቀሰቅሳት እኔ ነኝና። ከምንጊዜውም ይልቅ ቶሎ ነው የተኛችው። ሌሊት ሁለቴ ሄጄ አየኋት። ሁለቴም "እሰይ" አልኩ።

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀሚሷን ተኩሼ፣ ዳቦውን አዘጋጅቼ ጠራኋት። "ቤዛ።" ዝም። "ቤዚ፣ ተነሽ የኔ እናት።" ትከሻዋን ነካሁ። ራሷ ወደዚያ ዞሮ ወደቀ። ልጅ ራሱን ሲያዞር እናት ታውቀዋለች፤ ይኼኛው መዞር አይደለም፣ መውደቅ ነው። ፊቷ ላይ ውሃ ረጨሁ። ጉንጯን በጥፊ መታሁ። ጠንከር አድርጌ ደገምኩ። የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቴ ሳነሳው ነጩ ብቻ ታየኝ። ትንፋሿ ከጉሮሮዋ ሥር እየተጎተተ ይወጣል፤ ገላዋ ይፈጃል።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ሐሊማ በሌሊት ልብሷ ገባች። ልጅቷን አየች፣ እኔን አየች።

"ምን ነካት?"

"እንጃ።"

"ምን በላች?"

"ምንም። ሩዝ ነው የበላነው። እኔም በልቼዋለሁ።"

የሐሊማ ባል ታክሲ ነጂ ነው። ተሸክሟት ደረጃውን ወረደ፤ እግሯ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል፣ እኔ ከኋላ እግሯን ይዤ። ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ፕላኬቷን ከቆርቆሮው ሥር አውጥቼ ደረቴ ውስጥ ከትቻታለሁ። ለሐኪም ላሳይ ብዬ አይደለም። ቤት ውስጥ እንዳትገኝብኝ ብዬ ነው።

ታክሲው በቡላኦስ ሰፈር በኩል ሲያልፍ ተማሪዎቹ ወጥተዋል። አንዱ ጋ ብዕር፣ አንዱ ጋ የውሃ ጠርሙስ፣ እየተሳሳቁ ወደ ፈተናቸው ይሄዳሉ። የልጄ ራስ ጭኔ ላይ ነው። ሐሊማ መሐረቧን አውጥታ መስኮቱን ጋረደችብኝ።

ሆስፒታል እንደደረስን አልጋ ላይ አጋደሟት፣ መርፌ ሰኩባት፣ ደም ቀዱ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ በፈረንሳይኛ ፈጥኖ ይናገራል። የእኔ ፈረንሳይኛ የኩሽና ነው፤ ጨው፣ ሥጋ፣ እሺ ማዳም። አንዲት ነርስ አየችኝና በአማርኛ መጣችልኝ።

"ሐበሻ ነሽ አይደል? እኔ ድሬ ነው ያደግሁት። ዘይነባ እባላለሁ። አሁን መንቀጥቀጡን ተይና የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ልጅሽ ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመችው?"

"አልታመመችም። ማታ ደህና ነበረች።"

"ምን ጠጣች?"

"ወተት።"

"የምትወስደው መድኃኒት አለ?"

"የለም" አልኩ።

አንባቢዎቼ፣ ስለዚህች "የለም" ብዙ ሌሊት አስቤያለሁ። ወደ አፌ ስትመጣ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት የመኖሪያ ካርቴን ነው፤ ሊታደስ ሁለት ወር ቀርቶታል። ቀጥሎ ፖሊስ አሰብኩ። ከዚያ ማዳምን፤ ሌባ ስትለኝ በጆሮዬ ሰማኋት። ከሁሉ በኋላ ደግሞ ለራሴ ማስረጃ አገኘሁ። አንድ ኪኒን ናት፤ እኔን አራት ሰዓት እንኳ በቅጡ የማታስተኛኝ። አንድ ኪኒን ሰው እንዲህ አታደርግም። ስለዚህ ሌላ በሽታ ነው። ስለዚህ ብናገርም ባልናገርም ለውጥ የለውም። ፍርሃት ጠበቃ ነው፤ የቀጠረው ሰው እስኪሞት ይከራከራል።

ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የወባ ምርመራ አደረጉ፣ የለባትም። ስኳሯን አዩ፣ ደህና ነው። ዘይነባ ባለፈች ቁጥር "ነቃች?" እላለሁ፤ "ገና ናት" ትለኛለች። ሐሊማ አጠገቤ ቁርአኗን በቃሏ ታነበንባለች፣ እኔ እመቤቴን እጠራለሁ። ፈተናው የተጀመረበት ሰዓት አለፈ። ያን ሰዓት አየሁት፣ ምንም አልመሰለኝም። ትናንት ከዓለም ሁሉ ትልቁ ነገር ነበር።

ሦስት ሰዓት ገደማ ዘይነባ ወረቀትና ብዕር ይዛ መጣች።

"ስሚኝ ብርቄ። ሐኪሙ ማጅራት ገትር እንዳይሆን ፈርቷል። ገላዋ ይሞቃል፣ አትነቃም፣ የሚያሳይ ሌላ ነገር አላገኘም። ስለዚህ ከወገቧ አጥንት መሐል በመርፌ ውሃ ይቀዳል።"

"ከወገቧ?"

"ከወገቧ። አንቺ እናት ነሽ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ።"

ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው። በመጋረጃው ክፍተት ልጄን በጎኗ አዙረዋት አየኋት። ጉልበቷን አጥፈው፣ ጀርባዋን ገልጠው፣ አንድ ሰው በጥጥ እየጠረገ ነው። አከርካሪዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ይህን ያህል መክሳቷን አላየሁም ነበር። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ፤ "ብ"ን ጻፍኩ። "ር" ላይ እጄ እምቢ አለ። ብዕሩን ጣልኩና እጄን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ፕላኬቷን አወጣሁ። በላብ ረጥባለች።

"ይኼን ነው የሰጠኋት" አልኩ። "በወተት። አልነገርሽኝም እንዳትዪ፣ ይኸው ነገርኩሽ።"

ዘይነባ ተቀበለችኝና አገላበጠችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። የድሬ ሰው ሲናደድ ይጮሃል ብዬ ነበር የማውቀው። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ ነው ያደረገችው።

"ስንት ሰዓት ነው እዚህ የገባሽው?"

"አሥራ ሁለት።"

"ሦስት ሰዓት ሙሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ይኼን ጡትሽ ሥር ይዘሽ ነው 'ነቃች ወይ' የምትዪኝ?"

ሐሊማም ዞራ አየችኝ፣ ንባቧን አቆመች።

ሐኪሙ ፕላኬቷን ሲያይ እጁን አነሳና መርፌውን አስቀረ። ቆጠረ። ዘይነባን ጠየቀ፣ ዘይነባ እኔን ጠየቀች።

"አሥር ነው የሚይዘው። ሦስት ቀርቷል። አንቺ ስንት ወሰድሽ?"

"በተለያየ ሌሊት፣ አራት።"

"ለልጅሽስ?"

"አንድ። በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ አንዲት።"

"አምስት መቅረት ነበረበት። ሁለቱስ የት ሄዱ?"

ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። አራት የዋጥኩባቸው ሌሊቶች እያንዳንዳቸው ትዝ ይሉኛል። በዳሰሳ ስላወጣሁ ማታ አላየሁም። ሐኪሙ ድምፁን አለስልሶ አንድ ነገር ተናገረ። ዘይነባ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ተረጎመችው።

"አይክፋሽ። ሐኪም ይህን መጠየቅ ግዴታው ነው። ልጅሽ... መኖር የሰለቻት ነገር ነበር ወይ?"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። በዚያ ቀን ያየሁትን ሁሉ ብትደምሩት ያችን ጥያቄ አያክልም። ሞት የሚባል ነገር ወደ ልጄ መጣ ብዬ ነበር፤ እሷ ወደ እሱ ሄዳ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። የደረቀ ከንፈሯን አሰብኩ። "መጥረጊያዬን ነው የማወርስሽ" ያልኳትን አሰብኩ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ ክንድ ተዘርግቶ በሚደረስበት ቦታ፣ አሥራ ስምንት ዓመት አብራኝ ኖራ ለጥያቄው "አይደለም" ለማለት አልቻልኩም። ምንም አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ትንፋሿንና የልብ ምቷን በማሽን እየተከታተሉ እንደሚጠብቁ፣ መድኃኒቱ በራሱ ጊዜ እንደሚለቃት ነገረን። ተስፋ አለ አለች ዘይነባ። የአልጋዋ ግርጌ አስቀመጡኝ። ዘይነባ ግሉኮሱን እያስተካከለች፣ ንዴቷ በረድ ሲል፣ ታወጣጣኝ ጀመር።

"አንቺስ ለምን ነበር የምትወስጂው?"

"እንቅልፍ አጥቼ።"

"ቀን ትተኛለሽ?"

"ኧረ የት አግኝቼ።"

"ሲየስትስ?"

"ሲየስትማ አደርጋለሁ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለቱን። ሲየስት የማያደርግ ሰው ጅቡቲ ውስጥ አለ?"

"ከስንት እስከ ስንት?"

"ከስምንት እስከ አሥራ አንድ።"

እጇን ከግሉኮሱ አነሳች። "ሦስት ሰዓት? በዚህ ሙቀት እንዴት ይወስድሻል?"

"ማዳም ለውሻዋ ክሊም ታበራለታለች። የአየር ማቀዝቀዣው ያለው የልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው፤ እዚያ ከውሻው ጋር ነው የምተኛው።"

"አቦ ብርቄ፣ እሱን እንቅልፍ አትዪውም?"

"ሲየስት ነው አልኩሽ እኮ።"

ሐሊማ እንኳ በዚያ ጭንቀት መሐል አፏን ያዘች። "ስትነቂስ?" አለች ዘይነባ።

"ድካሙ እንዲለቀኝ ሻይ። ቤት ስገባ ደግሞ ቴርሞስ እሞላለሁ። ስኳር ያለው፣ ጠቆር ያለ። እሱን ይዤ ነው የማመሸው።"

"ታዲያ ማን እንቅልፍ ነሳሽ?" አለችኝ። "ቀን ሦስት ሰዓት ተኝተሻል። ማታ ሻይ ትሞያለሽ። በዕድሜሽ የሚመጣው ሙቀት አለ፣ ጭንቀትሽ አለ፣ ቤትሽ ምድጃ ነው። ሐኪም ዘንድ ብትመጪ ኖሮ አንድ በአንድ እናወጣልሽ ነበር። አንቺ ግን ከሰው መሳቢያ ጀመርሽ።"

ያፈርኩትን ማፈር አልነግራችሁም። ዓይን የተባልኩት፣ የደም መወፈር የተባልኩት፣ ብር ማጣት የተባልኩት ሁሉ ከውሻ ጋር የተኛሁት እንቅልፍና የቀዳሁት ሻይ ነበር። በጅቡቲ ሰው ሁሉ ከምሳ በኋላ ስለሚጋደም፣ ሲየስትን ከእንቅልፍ የሚቆጥር የለም። እኔም አልቆጠርኩትም። ግን ይህን ሁሉ ስሰማ አንድ ጆሮዬ የልጄ ትንፋሽ ላይ ነበር፤ ሁለቱ ኪኒኖችም ከራሴ አልወጡም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ጣቷ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ከንፈሯ። ዘይነባ ስሟን ጮክ ብላ ጠራች፣ ቤዛ ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች፣ ዘይነባን አየች፣ በመጨረሻ እኔን።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለች። ምላሷ ይጎተታል።

"ዘጠኝ አልፏል።"

"የሌሊቱ?"

መስኮቱን አየች፣ ብርሃኑን አየች፣ ገባት። እንባዋ በሁለቱም ጎን ወደ ጆሮዋ ወረደ።

እጇን ያዝኩ። "ልጄ፣ አንድ ኪኒን እኔ ወተትሽ ውስጥ ጨምሬያለሁ፤ ሌላ ሁለት ግን ጎድሏል። አንቺ ነሽ?"

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"ለምን?" አልኳት። "ልትሞቺብኝ ነው?"

ግር ብሏት አየችኝ። "ልተኛ ነው እንጂ" አለች። "ወተት ልትገዢ ስትወርጂ ወሰድኩ። አንድ የማይበቃኝ መስሎኝ ሁለት አደረግሁት። አንቺ ደግሞ እንደምትጨምሪ በምን ልወቅ?"

"የት እንዳስቀመጥኩት እንዴት አወቅሽ?"

"በየሌሊቱ አይሻለሁ።"

"ተኝተሽ?"

"ተኝቼ አላውቅም እማ።" ዓይኗን ጨፈነች፣ መልሳ ገለጠችው። "አንቺ ከተነሳሽ እኔ አልተኛም። ትዞሪያለሽ፣ ድስት ታጥቢያለሽ፣ በር ትከፍቻለሽ። ትመጪና ጎንበስ ትያለሽ። ያኔ ዓይኔን እጨፍንና እንደተኛ ሰው እተነፍሳለሁ። 'እሰይ፣ እሷስ ተኛች' ስትዪ ደስ የሚልሽ ያ ብቻ ነበር። እንዴት ዓይኔን ልግለጥብሽ?"

ሐሊማ አማርኛ ጥቂት ነው የምትሰማው። ግን ፊቷን አዞረች። ዘይነባ መጋረጃውን ሳብ አድርጋ ወጣች።

እኔ ያን ጊዜ የሆንኩትን እስከ ዛሬ ስም አጥቼለታለሁ። ለቅሶ አልመጣልኝም። የቆጠርኳቸው ሌሊቶች በሙሉ፣ "ልጄ እንኳ ትተኛለች" ብዬ የተጽናናሁባቸው በሙሉ፣ እሷ በክንድ ርቀት ላይ ዓይኗን ጨፍና እኔን ስትጠብቅ ነበር። እኔ እሷን አስተኛሁ ብዬ፣ እሷ እኔን አስተኛለሁ ብላ።

በማግስቱ ከሆስፒታል ወጣን። የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። አዘኑልን፣ ግን ዓመቱ አለፈ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ተመዝገቢ አሏት። ከዚያ ማዳም ዘንድ ሄጄ የቀሩትን ሦስት ኪኒኖች ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና በኩሽና ፈረንሳይኛዬ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ልጄ መዳኗን ጠየቀች። በወሩ መጨረሻ ደመወዜን ሞልታ ሰጥታ አሰናበተችኝ። አልፈረድኩባትም። አሁን ቡላኦስ አንድ ቢሮ በጠዋት ገብቼ እስከ እኩለ ቀን አጸዳለሁ። ክሊም ያለው የውሻ ክፍል የለኝም፤ ከምሳ በኋላ ቤቴ ለአጭር ጊዜ ጋደም ብዬ እነሳለሁ። ቴርሞሱን ለሐሊማ ሰጥቻታለሁ። ለሴትነቴ ሙቀት ዘይነባ ያሳየችኝ ሐኪም አለች። ሥራዬ ሲሄድ እንቅልፌ መጣ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሁልጊዜ ግን አይመጣም፤ ፍርሃት ያደረበት ቤት ቶሎ አይለቅም። የልጄ ትንፋሽ ትንሽ ከበድ ካለ አሁንም ብድግ እላለሁ።

እናንተ እናቶች፣ ከእኔ ተማሩ ለማለት አፍራለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲላችሁ ሌላው ሁሉ ተኝቷል ብላችሁ አትዙሩ። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ ጭንቀታችሁም ለሁለት ነው። ኪኒን ያለ ሐኪም ለራሳችሁም አትውሰዱ፣ ለልጃችሁማ በምንም አትስጡ። ሐኪም ሲጠይቃችሁም ያለውን "አለ" በሉ። እኔ ሦስት ሰዓት ዘግይቼ ነው ያልኩት፤ ልጄ የተረፈችልኝ በእኔ ብልሃት አይደለም።

ትናንት ማታ ጋደም ካልኩ በኋላ አልወስድ ሲለኝ፣ እንደ ድሮው ቀስ ብዬ አልተነሳሁም። በጨለማው ጠራኋት።

"ነቅተሻል?"

"ነቅቻለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተኛሁ ጀምሮ።"

"ፈራሽ?"

"አዎ። አንቺስ?"

"እኔማ ከአንቺ ብሼ።"

ሳቀች። ፍራሻችንን ጎትተን ኮሪደሩ ላይ አወጣን፣ የወደቡ ነፋስ ትንሽ በሚደርስበት። ስለማይረባ ነገር ስናወራ መሐል ላይ ቃሏ ተቆረጠ። አዳመጥኳት። ይኼኛው ትንፋሽ ያልተስተካከለ ነው፤ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፣ አፏም ተከፍቷል። የእውነት የተኛ ሰው እንደዚያ ነው። "እሰይ" ልል ከጀመርኩ በኋላ ተውኩት። እኔንም የወሰደኝን ሰዓት አላወቅሁትም።

ይህን የምጽፈው ቢሮውን ጠርጌ ጨርሼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው። ቤዛ አሁን ፈተና ላይ ናት፤ ባኩ ዛሬ ተጀመረ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እጄን ትከሻዋ ላይ ለማሳረፍ አልደፈርኩም። ከበሩ ቆሜ አንድ ጊዜ ብቻ "ቤዛ" አልኩ።

"አቤት" አለችኝ።